ጎማ ሲገዙ፦ ትኩስ ምርት፣ መጋዘን የቆየ፣ ያገለገለ ወይስ የታደሰ?

መርካቶ ወይም ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ የጎማ ሱቅ ቢገቡ፣ ለመኪናዎ የሚሆኑ፣ መጠናቸው አንድ የሆነ፣ ዋጋቸው ግን በጣም የሚራራቅ ጎማዎች ያገኛሉ። አንዱ ከፋብሪካ ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ሌላውም አዲስ ነው፤ ግን መጋዘን ውስጥ አራት ዓመት ተኝቷል። ሦስተኛው ከውጭ የመጣ ያገለገለ ነው፤ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። አራተኛው አሮጌ ገላው ላይ አዲስ ጥርስ የተለጠፈበት ነው። ሻጩን ቢጠይቁት ስለ አራቱም የሚሰጠው መልስ ያው ነው፤ «ጥርሱን እዩት፣ አልተነካም!»

ጥርሱን ማየት ተገቢ ነው። ጥርስ ግን ጎማው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ እንጂ ስንት ዓመት እንደኖረ አይናገርም። ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው።

እዚህ የየትኛውንም ፋብሪካ ስም አላነሳም። መጀመሪያ መመዘኛውን እናስቀምጥ፤ ከዚያ አራቱን አማራጮች አንድ በአንድ እንየው። ዋጋ ላይም ቁርጥ ያለ ቁጥር አልሰጥም። የውጭ ምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የጎማ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ሲለዋወጥ እያየን ነው። ይልቅ የትኛውንም ዋጋ ይዘው የሚያሰሉበትን መንገድ አሳያለሁ።

ጎማ ቆሞም ያረጃል

ላስቲክ ፀሐይ ላይ ቢተዉት ከጊዜ በኋላ ሲለጥጡት ይበጠሳል። ጎማም ከዚህ አያመልጥም፤ የእሱ እርጅና ግን ዋናው ከውስጥ የሚመጣ ነው። የተነፋ ጎማ ውስጥ ያለው አየር ተጨንቆ የተቀመጠ ነው። በዚያ ግፊት ኦክስጅኑ ቀስ እያለ በጎማው ግድግዳ ውስጥ ዘልቆ ወደ ውጭ ይወጣል። ሲያልፍ ደግሞ የጎማውን ኬሚካል ይለውጠዋል። ጎማው ይጠነክራል፤ መለጠጥ ያቅተዋል። በተለይ ከጥርሱ ሥር ያሉት የሽቦ መረቦች እርስ በርስ የተያያዙበት ቦታ ይዳከማል። አንድ ቀን በፍጥነት እየነዱ ሳለ ጥርሱ ከገላው ተልጦ ይላቀቃል። ከውጭ ሲታይ ግን ጎማው ትናንት ጤነኛ ነበር።

ይህን ሁሉ የሚያፋጥነው ሙቀት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር የአንድ ትልቅ ኢንሹራንስ ድርጅት መረጃ መርምሮ ነበር። ከድርጅቱ ደንበኞች 27 በመቶው የሚኖሩት በአምስት ሞቃት ግዛቶች ነው፤ ቴክሳስ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሉዊዚያና፣ ፍሎሪዳና አሪዞና። ከጎማ ጋር ከተያያዙት የካሳ ጥያቄዎች ግን 77 በመቶው የመጣው ከእነዚሁ ነው። ከእነዚህም ውስጥ 84 በመቶው ከስድስት ዓመት በላይ የሆናቸው ጎማዎች ነበሩ። ሂሳቡን ወደ አገራችን ሲመልሱት መተሐራን፣ አዋሽን፣ ሚሌን፣ ሰመራን፣ ድሬዳዋንና ጋምቤላን ያስቡ።

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፤ ይህ ለጎማ ጥሩ ነው። ከፍታው ግን ሌላ ጣጣ አለው። ከባሕር ጠለል ከፍ ባልን ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረሩ ይበረታል። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ለወራት የቆመ መኪና ጎማው ጎን ላይ ስንጥቅጥቅ ይላል። ጎማ ውስጥ ስንጥቅን የሚከላከል ሰም መሰል ነገር አለ። ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ሰሙ ወደ ላይ እየወጣ ቆዳውን ይሸፍናል። መኪናው ከቆመ ይህ አይሠራም። ስለዚህ «ብዙ አልተነዳም» የሚባል መኪና ጎማው ጥሩ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዴ የከፋው እሱ ነው።

ዕድሜ ያለፈበት ጎማ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከእንግሊዝ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሙዚቃ ፌስቲቫል ሰዎችን ይዞ ይመለስ የነበረ አውቶቡስ ሰሪ በሚባለው ግዛት የፊት ጎማው ፈንድቶ ከመንገድ ወጣ። ሦስት ሰዎች ሞቱ። ጎማው ከ19 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ያኔ የጎማ ዕድሜን የሚገድብ ሕግ አልነበረም። አሁን አለ። ከፌብሯሪ 2021 ጀምሮ በዚያ አገር ከአሥር ዓመት ያለፈ ጎማ በከባድ መኪናና በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ መግጠም ክልክል ነው።

ቁጥሩን ማንበብ፣ በተለይ በእኛ ዘመን አቆጣጠር

በጎማው ጎን ላይ ዲ፣ ኦ እና ቲ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ይፈልጉ። ከእነሱ ቀጥሎ የሚመጣው የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ። ብዙ ጊዜ በእንቁላል ቅርጽ ክብ ውስጥ ይቀመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 2319 ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። መጨረሻው ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ጎማው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። እሱ ከመኪና ይልቅ ለበረባሶ ይሆናል።

ሙሉው ኮድ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በአንደኛው ጎን ብቻ ነው። በአንዱ ጎን ፊደላቱን አይተው ቀኑን ካጡት ጎማውን ያገላብጡ።

እኛ አገር ደግሞ ልዩ ወጥመድ አለ። ኮዱ የፈረንጅ ነው። ዘንድሮ 2018 ዓ.ም. ነው። አንድ ጎማ ላይ 2018 የሚል ኮድ ቢያገኙ «ይኸው፣ የዘንድሮ ነው፣ ፍሬሽ!» ሊባሉ ይችላሉ። ያ ኮድ ግን እ.ኤ.አ. የ2018ን 20ኛ ሳምንት ነው የሚናገረው። በእኛ ግንቦት 2010 ማለት ነው። ጎማው ስምንት ዓመት ገደማ ሆኖታል። 17 ወይም 18 ብሎ የሚጨርስ ኮድ ሲያዩ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ይጠንቀቁ።

ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመመለስ ቀላል ዘዴ አለ። የሳምንቱ ቁጥር ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ይቀንሱ፤ ከ37 በላይ ከሆነ 7 ይቀንሱ። 37ኛው ሳምንት እንቁጣጣሽ አካባቢ ነው የሚውለው። ስለዚህ 2319 ማለት 2011 ዓ.ም. ነው። 4521 ደግሞ 2014 ዓ.ም.፣ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ።

ኮዱ የተፋቀ፣ የተሞረደ ወይም በማስቲሽ የተሸፈነ ከሆነ ክርክር አያስፈልግም። «አመሰግናለሁ ወንድሜ» ብለው ይውጡ።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይጋጩብዎታል። በርካታ የመኪና አምራቾች ጥርሱ ቢኖርም ባይኖርም ጎማ ከስድስት ዓመት በኋላ ይቀየር ወይም በባለሙያ ይመርመር ይላሉ። ትልልቅ የጎማ ፋብሪካዎች ደግሞ ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ እያስመረመራችሁ እስከ አሥር ዓመት ድረስ ተጠቀሙ የሚል መመሪያ አላቸው። አሥር ዓመት የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ ቃል የተገባ ዕድሜ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግም ቢሆን የጎማ ዕድሜ ላይ ጣሪያ አላስቀመጠም፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችንም ቢሆኑ ኮዱን ራሳቸው ማንበብ አለባቸው። እኔ ለእኛ መንገድና ለቆላው ሙቀት ስድስቱን እይዛለሁ። ከዚህ በታች ያለው ሂሳብ ሁሉ በስድስት ዓመት የተሠራ ነው።

ሁለተኛው ጎማው እንዴት ኖረ የሚለው ነው። ቸርኬ ላይ ሳይገጠም፣ ሳይነፋ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ጎማ የሚያረጀው በዝግታ ነው፤ ከውስጥ የሚገፋው አየር የለም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ሱቅ በር ላይ ፀሐይ እየመታው የዋለ ጎማ ግን ሌላ ታሪክ አለው። «አዲስ» የሚለው ቃል ይህን ልዩነት አይነግርዎትም።

ሦስተኛው ሊመረመር መቻሉ ነው። የአዲስ ጎማ ታሪክ አጭር ነው። ያገለገለው ግን ጉድጓድ መትቶ ይሆናል፣ ነፋስ ሳይኖረው ተነድቶ ይሆናል፣ ከውስጥ ተለጥፎ ይሆናል። ቸርኬ ላይ ተገጥሞ ከቀረበልዎት ውስጡን አያዩም።

አራተኛው አቅሙ ነው። መጠኑ አጠገብ አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል አለ፤ ለምሳሌ 91 ኤች። 91 የሚለው አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ኤች ደግሞ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚደርስ የፍጥነት ደረጃ ነው። መኪናዎ የሚፈልገው የሾፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፏል። ከዚያ ያነሰ አይግዙ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ላይ የሙቀት ደረጃም አለ፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ። ኤ የተሻለው ነው። ቆላ የሚመላለስ ሰው ይህቺን ፊደል ቢፈልግ አይከፋም።

አምስተኛው ዋጋ ነው። ብቻውን አይደለም፤ ለቀሪው ዕድሜ ወይም ለቀሪው ኪሎ ሜትር ተካፍሎ። ከሁለቱ ቀድሞ በሚያልቀው ነው የሚካፈለው። ነገሩ ሁሉ የሚፈታው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ትንሽ የሚነዳ ሰው ትኩስ ጎማ ይፈልጋል

ብዙዎቻችን የምናስበው በተቃራኒው ነው። «እኔ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ነው የምሄደው፣ ምን አዲስ ጎማ ያስፈልገኛል?» እንላለን። ሂሳቡ ግን ይህን አይደግፍም።

አንድ ጎማ ጥርሱ እስኪያልቅ 40,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ኮረኮንች የሚበዛበት ከዚያ ያነሰ፣ አስፋልት ብቻ የሚነዳ ከዚያ የበለጠ ሊያገኝ ይችላል። በዓመት 6,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ጥርሱን ለመጨረስ ስድስት ዓመት ተኩል ያልፈዋል። እሱን የሚቀድመው ዕድሜ ነው። ራይድ የሚሠራ ሰው ግን በወር 3,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳ በ13 ወር ገደማ ጥርሱን ይጨርሳል። የእሱን ጎማ እርጅና አይደርስበትም።

አሁን ብር እናስገባ። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አድርገው አይውሰዷቸው። የአንድ ዓመት ትኩስ ጎማ 12,000 ብር፣ አራት ዓመት መጋዘን የቆየ 9,500 ብር፣ ግማሽ ጥርስ ያለው የአምስት ዓመት ያገለገለ 5,000 ብር ነው እንበል።

ለቤተሰብ መኪናው፦ ትኩሱ አምስት ዓመት ይቀረዋል፤ በዓመት 2,400 ብር። መጋዘን የቆየው ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ በዓመት 4,750 ብር። ያገለገለው አንድ ዓመት ብቻ ይቀረዋል፤ 5,000 ብር። በጣም ርካሽ የመሰለው በጣም ውዱ ሆኖ ተገኘ።

ለራይዱ፦ ትኩሱ በወር 900 ብር ገደማ ይወጣበታል። መጋዘን የቆየው በወር 715 ብር አካባቢ፤ ጥርሱ ሲያልቅ ጎማው ገና አምስት ዓመት ነው የሚሆነው። ያገለገለው ግማሽ ጥርስ ስላለው ከሰባት ወር አያልፍም፤ በወር 750 ብር። በዚያ ላይ ሁለት ጊዜ ጎሚስታ ጋ መሄድ፣ ማስገጠሚያና ባላንስ ማስደረጊያ መክፈል አለ። እዚህ ያሸነፈው መጋዘን የቆየው ነው።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ጎማ ለአንዱ ኪሳራ፣ ለሌላው ትርፍ ነው። ጎረቤትዎ የገዛውን ከመግዛትዎ በፊት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚነዳ ይጠይቁት።

አራቱ አማራጮች

ትኩስ ምርት። ከተሠራ ሁለት ዓመት ያልሞላው አዲስ ጎማ ነው። ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም፤ አቅም ካለ ይህ ነው። ሰው የሚሳሳተው ስም ሲያሳድድ ነው። ስሙ ከተከበረ ፋብሪካ ከወጣ የሰባት ዓመት ጎማ ይልቅ፣ ስሙን ካልሰሙት ፋብሪካ የወጣ፣ የመጠንና የጭነት ደረጃው የሚስማማ የስድስት ወር ጎማ እመርጣለሁ። ስም ጎማን ከእርጅና አያድነውም።

አዲስ ሆኖ መጋዘን የቆየ። ይህ በጣም የሚያደናግረው ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ከሆነው ብዙ አያስጨንቅም፤ ቅናሽ ይጠይቁ፣ ይግዙ። ከአራት ዓመት ካለፈ ግን ሁለት ነገር ይጠይቁ። የት ነበር የተቀመጠው? ቅናሹስ ስንት ነው? ስድስት ዓመት ካለፈው ደግሞ የተጠቀለለበት ላስቲክ ገና ያልተቀደደ እንኳ ቢሆን ይተዉት። አዲስ ጎማ ላይ ያሉት ቀጫጭን የጎማ ፀጉሮች ማስረጃ አይሆኑም። ካልተነዳ ፀጉሩ ለዓመታት እንዳለ ይቆያል። ጥሩ ሻጭ ኮዱን ራሱ ያሳይዎታል። «ኮድ ምን ያደርግልሃል ወንድሜ፣ አዲስ ነው አልኩህ!» የሚለው ደግሞ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ያገለገለ። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ብዙ አለ። ከውጭ የሚመጣው ጎማ እዚያ የወለቀው በምክንያት ነው። አንዳንዱ መኪናው ተጋጭቶ ነው፤ አንዳንዱ ባለቤቱ መኪናውን ሲሸጥ ነው፤ ብዙው ግን እዚያ በቃው ተብሎ ነው። መግዛት ግድ ከሆነ ቸርኬ ላይ ያልተገጠመውን ይምረጡና ውስጡን በእጅዎ ይዳስሱ። ጎኑ ውስጥ በዙሪያው የተፋተገ፣ የተፈረፈረ ወይም ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ነፋስ ሳይኖረው ተነድቷል። ጎኑ ላይ እብጠት ካለ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል፤ ይህ ጥገና የለውም። ጎኑን ጎንበስ አድርገው ያጥፉት፤ ስንጥቅ ካለ ይከፈታል። ጎማ ማብለጫ የተቀባ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ማብለጫው ስንጥቅ ደብቆ ሊሆን ይችላል። በቢላ አዲስ ጥርስ የተቀረጸለት ጎማም አለ። የተወሰኑ የከባድ መኪና ጎማዎች እንዲቀረጹ ተብለው ነው የሚሠሩት፤ የቤት መኪና ጎማ ግን እንዲያ አይደረግም። ቢላው ሽቦው አጠገብ ደርሷል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ያገለገለ ጎማ ከአራት ዓመት በታች ካልሆነ፣ ውስጡ ካልታየ ወይም ዋጋው ከትኩሱ ሲሶ ከበለጠ አይግዙ። ሦስቱ አብረው እምብዛም አይገኙም።

የታደሰ። አሮጌው ጥርስ ተፍቆ አዲስ የተጋገረበት ነው። ስሙ ከሚገባው በላይ ጠፍቷል። የአውሮፕላን ጎማዎች ሳይቀሩ በየጊዜው ይታደሳሉ። በጅቡቲ መስመር ዳር ተጥሎ የምናየው የጎማ ልጣጭም ከታደሰ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ያለ በቂ ነፋስ ወይም ከመጠን በላይ ተጭኖ ከተነዳ አዲስም ይላጣል። ቁምነገሩ ገላው ስንት ዓመቱ ነው፣ ማን አደሰው የሚለው ነው። ለከባድ መኪና የኋላ እግር፣ ሥራውን ከሚያውቅ ማደሻ ከሆነ፣ ብር የሚቆጥብ አማራጭ ነው። ለፊት እግር ግን አይመከርም፤ በአሜሪካ አውቶቡስ የፊት እግሩ ላይ የታደሰ ጎማ ገጥሞ እንዳይሄድ ሕግ ይከለክላል። ለቤት መኪና? በእኔ ግምት አያዋጣም። የሚቆጥቡት ገንዘብ ከሚያመጣው ጥርጣሬ ያንሳል።

| መመዘኛ | ትኩስ ምርት | መጋዘን የቆየ | ያገለገለ | የታደሰ |
|---|---|---|---|---|
| ከተሠራ የቆየበት | እስከ 2 ዓመት | ከ2 እስከ 6 ዓመት | ይለያያል፤ ኮዱን ይዩ | ገላው ያረጀ፣ ጥርሱ አዲስ |
| የኋላ ታሪክ | የለውም | አቀማመጡ ብቻ | የማይታወቅ | በአዳሹ እጅ ያለ |
| ለመመርመር | ቀላል | ቀላል | ውስጡ ካልታየ ከባድ | ከባድ |
| ለቆላና ለፈጣን መንገድ | ይሆናል | ከ4 ዓመት በታች ከሆነ | አይመከርም | ለከባድ መኪና የኋላ እግር ብቻ |
| ትንሽ ለሚነዳ | ምርጥ | ውድ ይሆናል | በጣም ውድ ይሆናል | አያዋጣም |
| ብዙ ለሚነዳ | ጥሩ | ቅናሽ ካለው ምርጥ | የሚመስለውን ያህል አይረክስም | ለጭነት መኪና ብቻ |

እንደየሁኔታዎ

የቤተሰብ መኪና ካለዎት፣ ከተማ ውስጥ ከሆነና በዓመት ከ10,000 ኪሎ ሜትር በታች ከነዱ፣ ትኩስ ምርት ይግዙ፤ መካከለኛ ዋጋ ያለውን። ጥርሱ ሳያልቅ ዕድሜው ስለሚያልቅ፣ «100,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ለሚባል ውድ ጎማ መክፈል ትርጉም የለውም።

ራይድ ወይም ሜትር ታክሲ ከሠሩ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት መጋዘን የቆየ አዲስ ጎማ ይፈልጉ፤ ዋጋው በደንብ ሲቀንስ።

የአዳማን ፈጣን መንገድ የሚመላለሱ ወይም ወደ አዋሽና ሚሌ የሚወርዱ ከሆነ እዚህ ላይ አይቆጥቡ። ፍጥነት፣ ጭነትና ሙቀት አንድ ላይ ሲሆኑ ያረጀ ጎማ ድክመቱን የሚያወጣው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ እንዲሰበሰብ ያደረገው የጥርስ መላቀቅ ችግርም የበረታው ሞቃት ግዛቶች ውስጥ ነበር። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ አዲስ አበባ ላይ የሞሉት ነፋስ ቆላ ሲወርዱ ንባቡ ይለወጣል። የከባቢ አየር ግፊት ስለሚጨምር ይወርዳል፤ ሙቀቱ ደግሞ ያወጣዋል። አዳር ካደሩ ጠዋት ሳይነዱ ይለኩ። ሲግል አይተው ነፋስ አያስተንፍሱ።

ሚኒባስ ካለዎት የጭነት ደረጃው ከዕድሜ እኩል ይመዘን። የቤት መኪና ጎማ መጠኑ ገጠመ ተብሎ ሚኒባስ ላይ አይገባም። ሰው ጭኖ ለሚሄድ መኪና ያገለገለ ጎማ ፊት ላይ አይግጠሙ።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ እየበዛችሁ ነው፤ በተለይ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ። ባትሪው ከባድ ነው፤ ጎማም ቶሎ ይበላል። በር መቃኑ ላይ ያለውን የጭነት ቁጥር ሳያዩ አይግዙ።

እጅ በጣም ካጠረ አራት ያገለገለ ከመግዛት ሁለት ትኩስ ይግዙና የቀሩትን በሚቀጥለው ጊዜ ይሙሉ። ሁለቱን አዲሶች የኋላ እግር ላይ ያድርጉ። ጎሚስታው «ፊት ይሻላል» ሊልዎት ይችላል፤ ብዙዎቻችንም የለመድነው ያንን ነው። ፊት ያለው ጎማ ሲንሸራተት መሪው ይነግርዎታል፣ ፍጥነት ቀንሰው ይመልሱታል። የኋላው ሲንሸራተት ወይም ሲፈነዳ ግን መኪናው ይዞራል፤ መልሶ መያዝ ለአብዛኛው ሾፌር ከባድ ነው።

ስኮርታውን አይርሱ

ያገለገለ መኪና ሲገዙ አራቱን ጎማ አይተው ይመለሳሉ። አምስተኛውን ከኋላ ያውጡት። ብዙ ጊዜ መኪናው ከተሠራበት ዓመት ጀምሮ እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. የ2008 ሞዴል ቪትዝ ከዚያው ዓመት ስኮርታ ጋር ማግኘት ብርቅ አይደለም። ጥርሱ ያልተነካ፣ ፀጉሩ እንዳለ፣ በግፊት ለዓመታት የተቀመጠ ነው። ከጎማ ነጋዴ ጋር ሲከራከሩ እሱን «አዲስ» ብሎ ከአንዱ አሮጌ ጋር የሚለውጥዎት ሊመጣ ይችላል። ለእሱም ኮዱን ያንብቡ።

ቀጭን የሆነው ጊዜያዊ ስኮርታ ደግሞ በ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት የተገደበ ነው። ነፋሱም ከሌሎቹ እጥፍ ገደማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 60 ፒኤስአይ። ወደ ክፍለ ሀገር የሚወጡ ከሆነ ሙሉ መጠን ያለው ስኮርታ ቢይዙ ይሻላል። ከአራቱ ውስጥ ገና ዕድሜ ያለውን ጎማ ሲቀይሩ ለዚህ ያስቀሩት።

ሱቁ ውስጥ

ከመክፈልዎ በፊት አራቱንም ጎማ በየራሱ ያንብቡ። አንዱን አሳይቶ ሦስቱን ከመጋዘን ማምጣት የተለመደ ነው፤ ተንኮል ባይኖርበትም ኮዶቹ ሊለያዩ ይችላሉ። ስልክዎን አውጥተው እያንዳንዱን ፎቶ ያንሱ። ደረሰኝ ሲጻፍ ኮዱ አብሮ ይጻፍ። ጎሚስታው ሲገጥም ቀኑ የተጻፈበት ጎን ወደ ውጭ እንዲሆን ይንገሩት፤ ያለበለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ ለማንበብ መኪናው ሥር መግባት አለብዎት። ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ወይም «ውጭ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ጎማ ግን ፋብሪካው ባዘዘው አቅጣጫ ብቻ ነው የሚገጠመው። ለእሱ ፎቶውን ያስቀምጡ።